በቀይ ክር የታሰረ መንጋጋ

እትዬ ፔርሳ በዚያ ሳምንት ሲመጡ ጣታቸው ላይ ቀይ የሱፍ ክር ጠምጥመው ነበር። በሩን አላንኳኩም፤ ጎረቤት ከሆኑ ጀምሮ አንኳኩተው አያውቁም። ቪቶሚር ወደሚሠራበት ክፍል ገብተው መጀመሪያ መቀሱን፣ ቀጥሎ ጉጠቱን፣ ከዚያ የሽቦ መቁረጫውን ከጠረጴዛው ላይ እያነሱ አፋቸውን ገጥመው በክሩ አሰሯቸው።

«መቁረጫውን እንኳ ተዉልኝ እትዬ፣ ነገ የምሠራበት ነው።»

«ነገ አትሠራም። የቅዱስ ምራታ ቀን እስኪያልፍ ስለት አፉን አይከፍትም። አባትህ ቢኖር ይኼን እኔ አልነግርህም ነበር።»

«የሰው ጥርስ እኮ ነው የምሠራው። ሰውየው ያለ ጥርስ ምን ይብላ?»

«ሾርባ ይብላ!»

ከዚያ ቀና ብለው መደርደሪያውን አዩ። የግማሹ ከተማ መንጋጋ በጄሶ ተቀርጾ፣ ላይኛውና ታችኛው በትንሽ የብረት ማጠፊያ ተያይዞ እዚያ ላይ ተደርድሯል። ቪቶሚር ጄሶው እንዲደርቅለት ሁሉንም ከፍቶ ነው የሚያስቀምጣቸው። እትዬ ፔርሳ አማተቡ።

«አንተ ልጅ! በነዚህ ቀናት ይኼን ሁሉ አፍ ከፍተህ ነው የምትተኛው?»

አንድ በአንድ እያወረዱ ይዘጉ ጀመር። ቪቶሚር ሳቁን ዋጥ አድርጎ አገዛቸው። ክሩ ሊያልቅ ሲል እጃቸው ላይ የገባው መንጋጋ ሰፊ ነበር፤ የላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች የሉም።

«ይኼ የማን ነው?»

«የራዶሽ።»

እትዬ ፔርሳ የቀረውን ክር በሙሉ መንጋጋው ላይ ጠመጠሙት። «የወንድምህን እንኳ ጠበቅ ላድርገው» አሉና ቋጠሩት።

በቲሞክ ወንዝ ዳር ባሉ ሰፈሮች በኅዳር ወር የተኩላ ቀናት አሉ። በነዚያ ቀናት የአውሬው ስም አይጠራም፤ ሱፍ አይፈተልም፤ መቀስ የከፈተ ሰው የአውሬውን መንጋጋ ከፈተ ይባላል። የቅዱስ ምራታ በዓል የሚውለው እነዚሁ ቀናት መሀል ነው። ቪቶሚር ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቤልግሬድ ተምሯል፤ በዚህ ሁሉ አያምንም። ቢሆንም እትዬ ፔርሳ ከሄዱ በኋላ ክሩን አልፈታውም።

ሥራው ጸጥታ ያለበት ሥራ ነው። ሐኪሞቹ የታማሚውን አፍ ለክተው ይልኩለታል፤ እሱ ሰም ያቀልጣል፣ ጄሶ ያፈሳል፣ ጥርሱን ከድድ ጋር እስኪስማማ ይሞርዳል። በገበያ ቀን መንገድ ላይ ሲሄድ ሰው ፈገግ ሲልለት መጀመሪያ የሚያየው የገዛ እጁን ሥራ ነው። ከጀርባው የሚያሙትም ሰዎች ብዙዎቹ የሚያሙት እሱ በሠራላቸው ጥርስ ነው። ይህን አንድ ጊዜ ለአርፓድ ነግሮት አርፓድ ሻይ እስኪተፋ ስቆ ነበር።

አርፓድ ከሰሜን፣ ከሃንጋሪዎቹ አገር የመጣ የማሞቂያ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። አንድ ክረምት የዚህን ቤት ቧንቧ ሊዘረጋ መጣ፤ ቧንቧው ተዘረጋ፤ እሱ ግን አልተመለሰም። ቪቶሚርና አርፓድ ይዋደዳሉ። ሰባት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድ አልጋ ላይ ኖረዋል። ከተማው አርፓድን «ተከራዩ» ይለዋል፤ እንዲህ ካሉት ሌላ ስም መፈለግ አያስፈልግም። የቪቶሚር አባትም ተከራዩ ነበር የሚሉት። ማታ ማታ ከተከራዩ ጋር ቼዝ ይጫወቱ ነበር፤ አርፓድ ዞር ሲል ወታደር ይሰርቁና ሲይዛቸው «ከኪራይህ ላይ ቀንስ» ይሉታል። ኪራይ የሚባል ነገር እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ።

አባትየው የሞቱት በሚያዝያ ነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት ቪቶሚርን ጠጋ አድርገው፣ «ሻማው እዚህ ይቆይ» አሉት። ትንሽ አረፉና፣ «ተከራዩም እንዳይሄድ» አሉ።

ሻማው ማለት ዝክሩ ነው። እዚህ አገር እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቅዱስ አለው፤ ስላቫ ይሉታል። ቅዱሱ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ከሥዕሉ፣ ከሻማው፣ ከዳቦውና ከስንዴ ንፍሮው ጋር። የነቪቶሚር ቤት ቅዱስ ምራታ ነው። ዝክሩ ማን ቤት እንደሚቀጥል በወረቀት አይጻፍም፤ አባት ከሞተ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት እናት በየትኛው ልጅ ቤት ሻማው ፊት እንደቆመች ታይቶ ነው የሚታወቀው። እናት የቆመችበት ቤት የአባት ቤት ሆኖ ይቀጥላል። እናት ያልቆመችለት ልጅ አንድ ክፍል ከተከራየ ሰው አይለይም።

እናቱ ደሳንካ ግን ከቀብሩ በኋላ ታላቅ ወንድሙ ጋ ሄደዋል። ራዶሽ ከከተማው ወዲያ ማዶ የእንጨት መሰንጠቂያ አለው፤ ሚስትና ሴት ልጆች አሉት፤ አዳኝ ነው፣ ጠመንጃው ከመኪናው የኋላ ወንበር አይጠፋም። እናቱን የወሰዳቸው «ለሞቃቱ ወራት ብቻ» ብሎ ነበር። ሞቃቱ ወራት አልፎ ኅዳር ገባ። በጥቅምት ለግማሽ ዓመት መታሰቢያው መቃብሩ ላይ ሲሰበሰቡ ራዶሽ ቪቶሚርን ከሰው ለይቶ ወደ አጥሩ ወሰደው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ጣውላ ተፈናጥሮ ሁለቱን የፊት ጥርሶቹን ሰብሮበት ስለነበር አፉን በእጁ ሸፍኖ ነበር የሚናገረው፤ ቃሉ ሁሉ ፉጨት አለበት።

«ሚስት የሌለበት ቤት ቅዱስ አያድርም» አለ። «ለምራታ መጥቼ ሥዕሉን አወርደዋለሁ። ያ ሰውዬ ማዕዱ ላይ ተቀምጦ ካገኘሁት ደግሞ...»

አልጨረሰውም። እጁን ከአፉ ላይ አንስቶ ፈገግ አለ፤ ቪቶሚር ክፍተቱን አየ። በማግስቱ ሐኪሙ የራዶሽን አፍ ለክቶ ላከለት፤ በከተማው ሌላ ጥርስ ሠሪ የለም። ቪቶሚር ጥርሶቹን ሠራቸው። ከሌላ ከማንም ሥራ አስበልጦ ተጠንቅቆ ሠራቸው። ካለቁ ቆይተዋል፤ ራዶሽ ግን ሊያስገጥማቸው ወደ ሐኪሙ አልሄደም።

ከዝክሩ ሦስት ቀን አስቀድሞ፣ እራት ላይ፣ አርፓድ ደስ ብሎት ነበር።

«ለእናትህ ደወልኩላቸው» አለ።

«ለምን?»

«ቅዳሜ እንዲመጡ ነዋ። በትሕትና ነው ያናገርኳቸው። እማማ ደሳንካ፣ ቅዳሜ ምሳ እኛ ጋ ነው አልኳቸው። አንተ ስትፈራ ስትቸር ወሩ አለቀ።»

ቪቶሚር ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አርፓድ፣ ለዝክር ሰው አይጠራም።»

«ካልተጠራ እንዴት ይመጣል?»

«ቀኑን ያውቀዋል። በሩ ክፍት ነው፤ የፈለገ ይገባል። የሚጠራው ባዕድ ብቻ ነው። አሁን እናቴን በገዛ ቤቷ ባዕድ ነሽ አልካት።»

የአርፓድ ጆሮዎች ቀሉ። «ሰባት ዓመት ሳህን ሳመላልስ ይኼን የነገረኝ የለም» አለ።

«ምን አለችህ?»

«ዝም አሉ። ከዚያ ስልኩን ሌላ ሰው ወሰደው።»

«ራዶሽ።»

«‹ተከራይ እናቴን ለአባቴ ዝክር ጋበዘ?› ብሎ ሳቀ። ከልቡ የሳቀ ነው የመሰለኝ። ከዚያ ስለ እርግቦቹ ጠየቀኝ።»

«ምን ብሎ?»

«ደህና ናቸው ወይ ብሎ። ደህና ናቸው አልኩት።»

እርግቦቹ የአባትየው ነበሩ። ከጓሮው መጋዘን በላይ ባለው ቆጥ ውስጥ ይኖራሉ፤ ከፍታ የሚወዱ፣ ሰማይ ውስጥ ነጥብ እስኪሆኑ የሚወጡና ግማሽ ቀን ሳይወርዱ የሚውሉ ዓይነት ናቸው። ቪቶሚር ልጅ ሳለ አባቱ አግዳሚ ወንበር ላይ በጀርባው አስተኝተው ሰማይ ማየት ያስተማሩት በነሱ ነው። ሌሎች ወንዶች ስለ ኳስ ሲያወሩ አባትና ልጅ ስለ ላባ ያወሩ ነበር። እርግቦች ዘንድ ሰው ብዙ መናገር አያስፈልገውም፤ ቪቶሚር ስለ ራሱ ምንም ሳይናገር ከአባቱ ጋር ብዙ ሰዓት ማሳለፍ የቻለው ለዚህ ነው። ከጥቅምት በኋላ ግን አይለቀቁም። በብርድ ጊዜ ጭልፊቱ ከተራራው ይወርዳል።

በዋዜማው ቪቶሚር ለመጀመሪያ ጊዜ የቆጡን በር በጓጉንቸር ቆለፈው።

የቅዱስ ምራታ ዕለት ጠዋት ጓጉንቸሩ መሬት ላይ ነበር። ቀለበቱ በትልቅ መቁረጫ ተቆርጧል፤ የተቆረጠው ብረት ገና ያበራል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቆጡ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ነጫጭ አውራጆች ብቻ ናቸው፤ እነዚህ የማይበሩ፣ ጣሪያ ላይ ሲቀመጡ ሌሎቹ አይተው እንዲወርዱ የሚያገለግሉ ናቸው።

አርፓድ በካልሲ ሮጦ ወጣ። ቪቶሚር ሰማዩን እያየ ነበር። ጉሙ ከቤቱ ጭስ ማውጫ ብዙም አይርቅም። ከጉሙ በላይ ክንፍ ይሰማ ነበር፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

«ነጮቹን ጣሪያ ላይ አውጣቸው» አለ ቪቶሚር። «ዳቦው ምድጃ ውስጥ ነው፣ እኔ ልግባ።»

«ለፖሊስ እንደውል።»

«ምን ብለን? እርግብ በረረብን ብለን?»

አርፓድ መሰላሉን አምጥቶ ሁለቱን ነጫጭ እርግቦች ጣሪያው ጫፍ ላይ አስቀመጣቸው። ነጮቹ ተጠጋግተው ቁጭ አሉ። ትንሽ ቆይቶ ከጉሙ ውስጥ አንድ ነገር እየተሽከረከረ ወርዶ የጎመኑ መደብ ላይ አረፈ። ላባ ነበር፤ ላባ ብቻ። አርፓድ አንስቶ ኪሱ ከተተው፤ ለቪቶሚር አላሳየውም።

እኩለ ቀን ላይ ቪቶሚር ሻማውን አበራ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ልብስ ተነጥፏል፤ በጎመን የተጠቀለለ ሥጋ፣ የአሳማ ጥብስ፣ ወይን፣ ራኪያ የሚሉት የፍሬ አረቄ ቀርቧል፤ መሀል ላይ ዳቦው፣ ከጎኑ ስኳርና ለውዝ የተነሰነሰበት የስንዴ ንፍሮ። ንፍሮውን የቀቀለው አርፓድ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያማስል አድሮ ክንዱን አሞታል። ከምሥራቁ ግድግዳ ቅዱሱ ጥቁር ፊቱን ወደ ማዕዱ አድርጎ ያያል። ቄሱ ብዙ ቤት አለብኝ ብሎ ልኳል። ስለዚህ ዳቦውን ቤተ ሰቡ ራሱ ቆርጦ፣ በእጁ አዙሮ፣ መቁረስ አለበት። ዳቦው በአንድ ሰው እጅ አይዞርም።

ባለ ዝክር እንግዶቹ እስኪሄዱ አይቀመጥም። ቪቶሚር ወንበሩን ይዞ ቆመ። በመስኮቱ በኩል ሰዎች ሲያልፉ ይታያሉ። ታሞ ካልተኛ በቀር በዚህ ቀን ወደዚህ ቤት ያልገባ አልነበረም፤ በአባቱ ጊዜ ካፖርት የሚሰቀልበት ቦታ ይጠፋ ነበር። አሁን እርምጃቸውን ቀዝቀዝ ያደርጋሉ፣ ብርሃኑን ያያሉ፣ ከዚያ ይፈጥናሉ። ራዶሽ እንደሚመጣ ከተማው ሁሉ ሰምቷል።

እትዬ ፔርሳ ብቻ ገቡ። አማተቡ፣ ከንፍሮው አንድ ማንኪያ ወሰዱ፣ አኘኩ።

«ስኳር በዝቷል።»

«የኛ አገር ሰው ጣፋጭ ይወዳል» አለ አርፓድ።

«ለሙታን ነው የኔ ልጅ፣ ለሠርግ አይደለም።» ግን ሁለተኛ ማንኪያ ወሰዱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማታ መኪና ሰምቻለሁ፤ መብራቱን አጥፍቶ ነበር የቆመው» አሉ።

ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ መኪና በር ላይ ቆመ።

መጀመሪያ የገቡት ደሳንካ ናቸው፤ ጥቁር ለብሰዋል፤ ከኋላቸው ራዶሽ ካፖርቱን ሳያወልቅ ገባ። ደሳንካ ደፉ ላይ ቆመው አማተቡ። ቪቶሚር የንፍሮውን ሳህን ይዞ ወደ እናቱ ሄደ።

«እንኳን አደረሰሽ እማ።»

«ተጠርተሻል ተብያለሁ» አሉ እናቱ ልጃቸውን ሳያዩ። «ጠሪውን ልየው ብዬ መጣሁ።»

አርፓድ ከግድግዳው ተላቀቀ። «እማማ ደሳንካ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላወቅሁም ነበር...»

«አላወቅህም። ይኼን ያህል ዓመት እዚህ ቤት ተቀምጠህ አላወቅህም።» ማንኪያውን አንስተው ንፍሮውን ቀመሱ። የሚያኝኩበት ጥርስ ቪቶሚር የሠራላቸው ነው፤ በለውዙ ላይ ሲገጥም ተሰማው። «ስኳር በዝቷል» አሉ።

«ብያለሁ» አሉ እትዬ ፔርሳ ከወንበራቸው።

ሳህኑ ራዶሽ ጋ ደረሰ። ራዶሽ እጁን አልዘረጋም።

«አልበላም። የቀቀለውን አውቀዋለሁ።»

«ለአባትህ ነው የተቀቀለው» አለ ቪቶሚር።

«አባቴን እኔ ቤት አስበዋለሁ።» አፉን በእጁ ሸፍኖ ወደ አርፓድ ዞረ። «ተከራይ! ካፖርትህን አንሳ። ቤተ ሰቡ የሚነጋገረው አለ።»

አርፓድ ቪቶሚርን አየ። ቪቶሚር ሳህኑን እንደያዘ በሁለቱ መሀል ቆመ።

«ዛሬ ከዚህ ቤት ሰው አይወጣም» አለ። «አንተንም አላስወጣህም። ማንንም አላስወጣም።»

«ጥሩ።» ራዶሽ ወደ መስኮቱ ሄዶ የመጋዘኑን ጣሪያ አየ፤ ሁለቱ ነጮች አሁንም ቁጭ ብለዋል። «እርግቦቹስ? ደህና ናቸው?»

አርፓድ እጁን ላባው ወዳለበት ኪሱ ከተተ።

«የምን እርግብ?» አሉ ደሳንካ።

«የባልሽ እርግቦች ናቸዋ» አሉ እትዬ ፔርሳ። «ማታ ቁልፉን ቆርጠው ለቀቋቸው። በነዚህ ቀናት፣ ስለት ከፍተው! ጭልፊቱ ከጠዋት ጀምሮ እየለቀማቸው ነው።»

ደሳንካ ትልቁን ልጃቸውን አዩት። ራዶሽ አልካደም፤ ትከሻውን ብቻ ከፍ ዝቅ አደረገ።

«ወፍ አይደለ እንዴ? ይብረር። ቅዱሱ ከነዚህ ጋር ከሆነ መልሶ ያምጣላቸው።»

«ሰማያዊዋም?» አሉ ደሳንካ።

ሰማያዊዋ አሮጊት እርግብ ናት፤ አባትየው በመጨረሻው ሳምንት አልጋቸው ድረስ እያስመጡ ደረታቸው ላይ ያስቀምጧት ነበር። «አልተመለሰችም» አለ ቪቶሚር።

ደሳንካ ጓንታቸውን አወለቁ። ቀስ ብለው ነው ያወለቁት፣ ጣት በጣት። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ሄዱና ዳቦውን አነሱ።

«ማን ነው የሚያዞረው?» አሉ። «ቆማችሁ ልትውሉ ነው? ቪቶሚር፣ ቁረጥ። ፔርሳ፣ ወይኑን አምጪ። አንተ...» ወደ አርፓድ ዞሩ፤ ስሙን ጠርተውት ስለማያውቁ ትንሽ ፈለጉት። «አርፓት። እጅህን ታጥበሃል?»

«ታጥቤያለሁ።»

«ና ያዝ።»

ቪቶሚር ዳቦውን በመስቀል ምልክት ቆረጠ፤ እትዬ ፔርሳ ወይን አፈሰሱበት። ቪቶሚር፣ እናቱና አርፓድ ዙሪያውን ይዘው ከፍ አደረጉት። አራተኛው ወገን ባዶ ነበር፤ ዳቦው ወደዚያ አዘነበለ። ራዶሽ ከመስኮቱ መጥቶ ያዘው። አስቦ ያደረገው አይመስልም። ከልጅነቱ ጀምሮ ዳቦው ከፍ ሲል ያቺ ወገን የሱ ነበረች፤ እጁ ያውቃታል። ዳቦው በአራቱ እጆች ላይ ዞረ፤ እትዬ ፔርሳ በቀጭን ድምፅ ጸሎቱን ያዜማሉ። ሲዞር ሲዞር የራዶሽ ጣቶች ከአርፓድ ጣቶች ጋር ተገናኙ።

ራዶሽ እሳት እንደነካው እጁን ሰበሰበ። ዳቦው በቆረጡት መስመር ላይ ተቀደደ፤ ራዶሽ እጅ ላይ ከቅርፊቱ ትንሽ ቁራሽ ቀረች፤ ሌላው በሙሉ በሦስቱ እጅ ነበር። ቁራሿን አያት፤ ጠረጴዛው ላይ ጣላት። ከዚያ ወንበር ስቦ ወጣና ሥዕሉን ከምስማሩ አወረደው።

ግድግዳው ላይ ከሌላው የነጣ አራት ማዕዘን ቀረ።

«ራዶሽ» አለ ቪቶሚር።

«ብዬህ ነበር። መቃብሩ ላይ ብዬህ ነበር።»

«ውሰደው» አሉ ደሳንካ። «የአባትህ ነው፣ አንተም ልጁ ነህ። ሻማው ግን እዚህ በርቷል። የበራ ሻማ ቤት አይለውጥም። እኔም እስኪያልቅ እዚህ ነኝ።»

«ካለቀ በኋላስ?»

«ልብሴን ላክልኝ።»

ራዶሽ እናቱን ለረጅም ጊዜ አያቸው። አፉን መሸፈን ረስቶ ነበር። የሚናገር መስሎ ከንፈሩ ተከፈተ፤ በክፍተቱ በኩል ትንፋሹ ሲወጣ ብቻ ተሰማ። ቪቶሚር ያን ክፍተት ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ስፋቱን፣ ጥልቀቱን፣ ግራው ከቀኙ እንዴት እንደሚያንስ። የሚሞሉትን ጥርሶች የያዘችውን ትንሽ ሣጥን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋለት።

«ካለቁ ቆይተዋል። ሐኪሙ ያስገጥምልሃል።»

ራዶሽ ሣጥኗን አየ፤ አልተቀበለም። ሥዕሉን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ። መውጫው በሥራ ክፍሉ በኩል ነው። እዚያ ሲደርስ እርምጃው ቆመ። መደርደሪያው ሲንገጫገጭ ሰሙ፤ ከዚያ ፀጥ አለ፤ ከዚያ የውጭው በር ተዘጋ።

ቪቶሚር ሄዶ አየ። የራዶሽ መንጋጋ ከመደርደሪያው ወርዶ ጠረጴዛው መሀል ላይ ተቀምጧል። ቀዩ ክር ተበጥሶ ወለሉ ላይ ወድቋል። መንጋጋው ማጠፊያው እስከሚችለው ድረስ ተከፍቶ ፊቱን ወደ ቤቱ ውስጥ አዙሯል።

እትዬ ፔርሳ ከኋላው መጥተው አዩት። ክር የቀራቸው እንደሆነ ኪሳቸውን ፈተሹ፤ አልቀረም።

ቀኑ ከጉሙ ጋር አብሮ ጠቆረ። ከእርግቦቹ ሁለቱ ወረዱ፤ ሰማያዊዋ አልነበረችም። አርፓድ ነጮቹን አውርዶ ቆጡን በሽቦ ጠርቅሞ ተመለሰና እጁን እያሻሸ፣ «መኪናው አልሄደም» አለ።

«አውቃለሁ» አለ ቪቶሚር። ሞተሩ ከቅድም ጀምሮ በር ላይ ሲያጉረመርም ይሰማል። ከመስኮቱ ሲታይ የራዶሽ ጭንቅላት ወደ ፊት አዘንብሏል፤ ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ ሥዕሉ እንደ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ጠመንጃው የሚቀመጥበትን የኋላ ወንበር ከዚህ ማየት አይቻልም።

«በሩን ልቆልፈው» አለ አርፓድ።

«አትቆልፈው።»

«ቪቶሚር!»

«ሻማው እስኪያልቅ አይቆለፍም። ለማንም አይቆለፍም። ዝክር ነው።»

አርፓድ ወደ ደሳንካ ዞረ፤ ደሳንካ ሻማውን እያዩ ነበር። ሻማው ባዶው ግድግዳ ፊት ይነዳል፤ ከግማሽ በታች ሆኗል። ቁራሿን፣ ራዶሽ የጣላትን፣ ከጠረጴዛው ላይ አንስተው በመሀረብ ጠቀለሏት።

«ቁጭ በል አንተ ልጅ» አሉ ለቪቶሚር። «ከጠዋት ጀምሮ ቆመሃል።»

«እንግዳ ሳይሸኝ እንዴት እቀመጣለሁ እማ?»

«የቱ እንግዳ?»

ውጭ ሞተሩ ጠፋ። አራቱም ሰሙት፤ እስካሁን ድምፁ ምን ያህል ቤቱን ሞልቶት እንደነበር ያወቁት ሲጠፋ ነው። የመኪናው በር ተከፈተ። ከዚያ ሌላ በር ተከፈተ፤ የኋላው።

አርፓድ መጥቶ ከቪቶሚር ጎን ቆመ። ቪቶሚር የንፍሮውን ሳህን ከጠረጴዛው አነሳ፤ ንጹሕ ማንኪያ ጨመረበት፤ ጠጠሩ ላይ የሚመጣውን እርምጃ እየሰማ ፊቱን ወዳልተቆለፈው በር አዞረ።